ሱልጣን ኻን፦ ካፓብላንካን ያሸነፈው የፑንጃብ ሰው



ቼዝ የምትወዱ ወጣቶች ስለ ማጥቃት ስታወሩ የምትጠሯቸው ስሞች ይታወቃሉ፤ ታል፣ ፊሸር፣ ካስፓሮቭ። ንግሥቱን ሠውቶ በአራት እርምጃ ንጉሡን የሚያስር ተጫዋች ቪዲዮው ይታያል፣ ይጋራል። እኔም እወደዋለሁ። ዛሬ የምተርክላችሁ ሰው ግን የሚያጠቃው በሌላ መንገድ ነበር። ቀስ ብሎ፣ ቦታውን እያጠበበ፣ ተጋጣሚው መተንፈሻ አጥቶ ራሱ እስኪፈነዳ ድረስ ይጠብቃል። ስሙ ሚር ሱልጣን ኻን ይባላል፤ ሙስሊም ነው፤ የዘመናዊውን ቼዝ ደንብ የተማረው ካደገ በኋላ ነው። በአሌክሳንድሪያም ሆነ በሲልቨር ስፕሪንግ አጠገባችሁ የሚሰግደውን ፓኪስታናዊ አጎት ስለ ክሪኬት ብትጠይቁት አንድ ሰዓት ያወራላችኋል። ስለ ሱልጣን ኻን ጠይቁትና ምን እንደሚላችሁ ንገሩኝ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት፣ ጥያቄው መምጣቱ ስለማይቀር ስለ ፍርዱ አንድ ነገር ልበል። በቼዝ ጉዳይ ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ ተለያይተዋል። ብዙዎቹ ከልክለውታል። በሻፍዒይ መዝሀብ የታወቀው አቋም ደግሞ ቁማር ካልገባበትና ሶላት ካላሳለፈ የተጠላ ነው እንጂ ሐራም አይደለም የሚል ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ ፈትዋ አልሰጥም፤ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ። ሶላት ሲደርስ ስልኩን መዝጋት ያቃተው ግን መልሱን ራሱ ያውቀዋል።

ሱልጣን ኻን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ቦታው ሚታ ቲዋና ይባላል፤ ያኔ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ዛሬ በፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ፣ በሳርጎዳ አካባቢ ያለች ከተማ ናት። ጨዋታውን በልጅነቱ ከአባቱ ተማረ። የተማረው ግን እኛ የምናውቀውን ቼዝ አልነበረም፤ የሕንዱን ነው። በሕንዱ ደንብ ወታደር በመጀመሪያ እርምጃው ሁለት ቤት መዝለል አይችልም፤ አንድ አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል። ንጉሡን ከግንቡ ጋር በአንድ እርምጃ አዛውሮ ጥግ መደበቅ፣ ማለትም ካስሊንግ የምንለው፣ የለም። በምትኩ ንጉሡ በጨዋታው ውስጥ አንድ ጊዜ እንደ ፈረስ ይዘላል። ወታደር መጨረሻው ረድፍ ሲደርስም እንደፈለገው ንግሥት አይሆንም፤ የደረሰበት መስመር ባለቤት የነበረውን ነው የሚሆነው።

ይህ ደንብ ለኛ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉት ጨዋታ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ኤክሴል ላይ ያለው ረድፍና ዓምድ ነው የሚታየን፤ ቃሉ ግን ከዐረብኛው ሸጠረንጅ የመጣ ነው፣ እሱም በፋርስ በኩል ከሕንድ። በሀገራችን ሰንጠረዥ በአብዛኛው የመኳንንት ግቢ ጨዋታ ነበር። በ1800ዎቹ መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። በዓለም ላይ ካሉት የቼዝ ዓይነቶች የኛውን ልዩ የሚያደርገው ወረራ የሚባለው መጀመሪያው ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው በየተራ መጫወት የሚጀመረው። አስቡት፤ ጥሩ ወራሪ የሚባለው ቀድሞ የሚበላው ሳይሆን፣ የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ሠራዊቱን በትክክለኛው ቦታ አሰልፎ የተገኘው ነው። ሱልጣን ኻን ሰንጠረዥ አይቶ አያውቅ ይሆናል። ጨዋታዎቹን ስመለከት ግን የማየው ያንኑ አስተሳሰብ ነው።

ችሎታውን ያየው ኡመር ሐያት ኻን የሚባል የአካባቢው ትልቅ ባለርስት ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሰር የሚል ማዕረግ የሰጠው፣ በጦር ሠራዊቱም በፖለቲካውም ስም ያለው ሰው ነው። ሱልጣን ኻንን ወደ ቤቱ አስገብቶ የአውሮፓውን ደንብ አስተማረው። ይህ ሲሆን ልጁ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በስድስት ዓመታቸው አሠልጣኝ የሚቀጠርላቸው ልጆች ባሉበት ከተማ ለምንኖረው፣ ይህንን ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1928 የመላ ሕንድ ሻምፒዮና ተዘጋጀ፤ ሱልጣን ኻን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወሰደው። በ1929 ጸደይ ኡመር ሐያት ኻን ለመንግሥት ሥራ ወደ ለንደን ሲሄድ ይዞት ሄደ።

ለንደን ላይ መጀመሪያ አልቀናውም። በአንድ ትንሽ ውድድር ከመጨረሻዎቹ ጋር ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ መክፈቻ አያውቅም። እንግሊዞቹ ያንን ሁሉ ዓመት ከመጽሐፍ ሲያጠኑ የኖሩትን የመጀመሪያ አሥር እርምጃ እሱ ቦርዱ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚያስበው። ዊንተርና ዬትስ የሚባሉ ሁለት ጠንካራ እንግሊዛዊ ተጫዋቾች አብረውት ተቀምጠው አሠለጠኑት። በዚያው በጋ በራምስጌት ከተማ የብሪታንያ ሻምፒዮና ተደረገ። ከሕንድ ከመጣ ገና ወራት የሆነው ሰው አንደኛ ወጣ።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንግባ። ቦርድ ካላችሁ አውጡ።

ሄስቲንግስ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን የሚካሄደው ውድድሯ ዝነኛ ነው። ከ1930 ወደ 1931 በተሻገረው ውድድር ሱልጣን ኻን ነጭ ይዞ ከኩባዊው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ጋር ተቀመጠ። ካፓብላንካ ማን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ከ1921 እስከ 1927 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ ከ1916 እስከ 1924 ድረስ ስምንት ዓመት አንድም የውድድር ጨዋታ ያልተሸነፈ ሰው ነው። እሱን ማሸነፍ እንደ ተዓምር ይቆጠር ነበር።

ጨዋታው ጸጥ ብሎ ጀመረ። ሱልጣን ኻን ንጉሡን አልደበቀም፤ መሐል ላይ ተወው። የዛሬ አሠልጣኝ ቢሆን በዚህ ላይ ይቆጣ ነበር። ያለ ካስሊንግ ላደገ ሰው ግን መሐል የቆመ ንጉሥ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። በ14ኛው እርምጃ ጫፍ ላይ ያለውን የኤች ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። ከዚያ ወደ ሌላው የቦርዱ ክፍል ሄደ፣ ፈረስ አመላለሰ፣ ጠጠር ተለዋወጠ። በ19ኛው የጂ ወታደሩን ገፋ፤ በ20ኛው ደገመው። ይህን ጊዜ የካፓብላንካ ፈረስ ከቦታው ተባረረ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተመልሶ ተጨናነቀ። ፈረሱ ሲለቅ ደግሞ አንድ ረጅም ሰያፍ መንገድ ተከፈተ። በ21ኛው እርምጃ የሱልጣን ኻን ፊል ወታደሮቹ ባስለቀቁት ቤት ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ግንቡን ተመለከተው። ፈረንጆች ጳጳስ የሚሉትን ጠጠር ዐረቦች ፊል፣ ዝሆን፣ ነው የሚሉት፤ የሱረቱል ፊል ፊል ነው፤ ለኔ ይህኛው ይጥመኛል።

እስከዚህ ድረስ ምንም መሥዋዕት የለም፣ ምንም እሳት የለም። ሁለት ተራ ወታደሮችና አንድ ፊል። ካፓብላንካ ግን ሁለቱን ግንቦቹን በሲ መስመር ላይ ደርድሮ ነበርና፣ መጠበቅ ስላላዋጣው ገባ፤ አንዱን ግንብ መጨረሻው ረድፍ ድረስ አስገብቶ ቼክ አለ። ሱልጣን ኻን ንጉሡን አንድ ቤት ወደፊት አራመደ። ሁለተኛው ግንብም ገባና ቼክ ሆነ። ሱልጣን ኻን ንግሥቱን ሰጠ። ሁለቱንም ግንቦች ወሰደ፤ ሁለተኛውን የወሰደው ራሱ ንጉሡ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ ንግሥት ዘጠኝ፣ ሁለት ግንብ አሥር። ነጥቡ አንድ ብቻ ነው ልዩነቱ። ቁም ነገሩ ግን ከነጥቡ ውጭ ነው። የጥቁር ንግሥት የምታጠቃው ነገር አጣች፤ ቦርዱ ተዘግቷል፣ መግቢያ የለም። የነጭ ግንቦች ግን ጊዜ አላቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ከ40 በላይ እርምጃ ወጥመድን ቀስ እያሉ እንደማጥበቅ ነው። በ65ኛው እርምጃ ካፓብላንካ እጁን ሰጠ።

በሥራዬ የሕንፃ ጭነት አሰላለሁ። አንድ ምሰሶ ድንገት አይሰበርም፤ ጭነቱ መሄጃ ሲያጣ ነው የሚሰበረው። ይህን ጨዋታ ደጋግሜ ሳየው የሚገርመኝ ይኸው ነው። ሱልጣን ኻን ካፓብላንካን አልመታውም። እያንዳንዱን መሄጃ ዘጋበት፤ የቀረው መንገድ ወደ ኪሳራ የሚወስደው ብቻ ሆነ። እናንተ ኦንላይን የሦስት ደቂቃ ጨዋታ ስትጫወቱ በአምስተኛው እርምጃ ንግሥት ይዛችሁ የምትሮጡት ሩጫ ከዚህ ጋር ሲተያይ ወረራ ሳይሆን ጭፈራ ነው። አትቀየሙኝ።

በዚያ ውድድር ኦይቬ አንደኛ፣ ካፓብላንካ ሁለተኛ፣ ሱልጣን ኻን ሦስተኛ ወጡ። ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። በ1930 ቤልጅየም፣ ሊዬዥ ላይ ከታርታኮቨር ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታርታኮቨርን ለብቻው ገጥሞ በአንድ ነጥብ ልዩነት አሸነፈው። በ1931 በፕራግ ኦሎምፒያድ ለእንግሊዝ አንደኛ ቦርድ ላይ ተቀምጦ ፍሎርንና ሩቢንስታይንን አሸነፈ፤ ከዓለም ሻምፒዮኑ ከአሌኺን ጋር እኩል ወጣ። በ1932 ከፍሎር ጋር ባደረገው ግጥሚያ ለጥቂት ተሸነፈ። የብሪታንያን ሻምፒዮና በ1932 እና በ1933 ደገመ፣ ሠለሰ። ይህ ሁሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ብርድ አልተስማማውም፤ ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመም አይለየውም፣ ወባም ያመላልሰው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ጉሮሮው ተጠቅልሎ ነበር የሚጫወተው።

እህቶቼ፣ እናንተን የሚመለከት ነገር እዚህ ላይ አለ። በዚያው በ1933፣ በዚያችው በሄስቲንግስ፣ የሴቶቹን የብሪታንያ ሻምፒዮና ያሸነፈችው ፋጢማ ናት። እሷም ከኡመር ሐያት ኻን ቤት የመጣች ወጣት ነበረች። ያሸነፈችው ለጥቂት አልነበረም፤ ከሁለተኛዋ በሰፊ ርቀት ነው። ወደ ሀገሯ ከተመለሰች በኋላ በትልልቅ ውድድሮች ላይ ስሟ አልተሰማም። ስለ ሱልጣን ኻን አንድ መጽሐፍ ሲጻፍ ስለሷ አንድ ገጽ ከተገኘ ነው።

አሁን አከራካሪው ነገር። ስለ ሱልጣን ኻን በእንግሊዝኛ ያነበባችሁ እንደሆነ ደጋግሞ የምታገኙት ቃል አገልጋይ ወይም ባሪያ የሚል ነው፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነበርም ይላሉ። በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካዊው ሪዩበን ፋይን ትረካ ነው። የአሜሪካ ቡድን የ1933ቱን የፎክስቶን ኦሎምፒያድ ካሸነፈ በኋላ ኡመር ሐያት ኻን ለንደን ቤቱ ይጋብዛቸዋል። ምግብ ሲቀርብ አሳላፊው ማን ሆኖ ተገኘ? ሱልጣን ኻን። ያ የቼዝ ጌታ ለእንግዶች ሳህን ያቀርባል፤ እነሱም የሚገቡበት ጠፋቸው።

የልጅ ልጁ ይህን አተራረክ በአደባባይ ተቃውማለች። ቤተሰቡ በአካባቢው የተከበረ፣ የራሱ መሬት ያለው፣ የሃይማኖት አባቶች የወጡበት ቤት ነው፤ አያቷም ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ነበር ትላለች። እንግሊዝኛ አለመቻል አለመማር ማለት እንዳልሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እናታችሁ ቁርኣን ቀርታ፣ ዐረብኛም አማርኛም አንብባ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባንክ ውስጥ ቅጽ መሙላት ሲያቅታት ባለባንኩ ያያትን ዐይን አይታችሁታል። እኔ በበኩሌ የፋይን ትረካ ፈጠራ ነው አልልም። በኛም ባህል ለእንግዳ ምግብ ማቅረብ ውርደት አይደለም፤ የቤቱ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ይቆማል። ያው ድርጊት በፑንጃብ ሰው ዐይን አደብ፣ በኒውዮርክ ልጅ ዐይን ባርነት ሊመስል ይችላል። ግን ደግሞ ነገሩን ሙሉ በሙሉ በባህል አልሸፍነውም። ሱልጣን ኻን የት እንደሚጫወት፣ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚመለስ የሚወስነው ሌላ ሰው ነበር።

ይህም የታየው ወዲያው ነው። በ1933 መጨረሻ ኡመር ሐያት ኻን ወደ ሕንድ ሲመለስ ሱልጣን ኻንም ተመለሰ። ዕድሜው 30 ነበር፤ ለቼዝ ተጫዋች ገና ማበቢያው ነው። በ1935 ኻዲልካር የሚባል የሕንድ ተጫዋች ጋር አሥር ጨዋታ ተጋጥሞ ዘጠኙን አሸነፈ፣ አንዱን እኩል ወጣ። ከዚያ በኋላ የቼዙ ዓለም አላየውም።

ለኛ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 መንገድ ስትወጡ የምታገኟት ፍሬድሪክ ከተማ ውስጥ፣ በ1855 በባርነት የተወለደ ቴዎፍሎስ ቶምፕሰን የሚባል ጥቁር ወጣት ነበር። በ1872 ሰዎች ቼዝ ሲጫወቱ አየ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቦርድና ጥቂት የቼዝ እንቆቅልሾች ሰጠው። በዓመቱ በ1873 ራሱ የፈጠራቸውን እንቆቅልሾች በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ እሱም ከቼዙ ዓለም ጠፋ። ሁለቱም አንድ ሰው በር ከፈተላቸውና ገቡ። በሩ ሲዘጋም ቁልፉ በእጃቸው አልነበረም።

ኡመር ሐያት ኻን በ1944 ሞተ። ሱልጣን ኻን በሳርጎዳ አካባቢ መሬቱን እያረሰ፣ አሥራ አንድ ልጆች እያሳደገ ኖረ። በ1947 ሀገሩ ፓኪስታን ሆነች። ልጆቹን ቼዝ አላስተማራቸውም፤ በሕይወታቸው ከዚህ የሚጠቅም ነገር እንዲሠሩ ይነግራቸው እንደነበር የበኩር ልጁ ተርኳል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ከፋኝ። ቆይቼ ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ካፓብላንካን ማሸነፉ እርሻውን አላረሰለትም፣ ልጆቹንም አላስተማረለትም። አባት ስትሆኑ የምትመዝኑት በሌላ ሚዛን ነው።

በ1950 የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ግራንድማስተር የሚለውን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ለ27 ተጫዋቾች ሰጠ። በሕይወት ያሉ፣ ግን መጫወት ካቆሙ ረጅም ጊዜ የሆናቸው ሰዎች በቀድሞ ሥራቸው ተካተዋል። ሩቢንስታይን አንዱ ነው። ፕራግ ላይ ሩቢንስታይንን ያሸነፈው ሱልጣን ኻን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያኔ በሕይወት ነበር፤ 47 ዓመቱ ነው።

በሚያዝያ 25 ቀን 1966 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በሳርጎዳ፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። አላህ ይዘንለት።

በየካቲት 2024 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ፓኪስታን ሄዶ ለሱልጣን ኻን የክብር ግራንድማስተርነት ማዕረግ ሰጠ። ከፓኪስታን ግራንድማስተር ሲሆን እሱ የመጀመሪያው ነው። እሱን ወክሎ የተቀበለው የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር አንዋሩል ሐቅ ካካር ነበር። ሱልጣን ኻን ከሞተ 58 ዓመት ሊሞላው ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀርቶት ነበር።